ኩባንያው ሲዘጋ ድምፁ አልተዘጋም

በዚህ ሳምንት አንድ ጊታር ተጫዋች የኢፌክት ፔዳሉን ይዞ ከአንዱ ጠጋኝ ወደ ሌላው ሲዞር ሰነበተ። ዕቃው አልተሰበረም፤ መብራቱ ይበራል፣ መርገጫው ይሠራል። ነገር ግን ድምፆቹን የሚቀምርበት ፕሮግራም በአዲሱ ኮምፒውተሩ ላይ አልከፈት አለው፤ አምራቹም ያንን ሞዴል ከተወው ቆይቷል። ለዓመታት ያዘጋጃቸው ድምፆች ፔዳሉ ውስጥ ተቆልፈው ቀሩ። ጠጋኝስ ኮዱን ሳያገኝ ምን ያደርጋል?

«ሙዚቀኛ ድምፅ እንጂ ኮድ ምን ይሠራለታል?» የሚሉ አሁንም አሉ። መልሱን በርሊን ሰጥታለች።

እዚያ የተቋቋመው ሞድ ዲቫይሰስ እ.ኤ.አ. በ2014 በሕዝብ መዋጮ ገንዘብ ሰብስቦ ሞድ ዱዎ የተባለ የጊታር ፕሮሰሰር ሠራ። በኋላ የመጣው ሞድ ድዋርፍ ደግሞ ሦስት የእግር መርገጫ ያለው፣ ከጊታሩ ጋር በአንድ ቦርሳ የሚገባ ትንሽ ሳጥን ነው። ውስጡ ሊኑክስ የተባለው ክፍት ስርዓተ ክወና ይሠራል። በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ሲያያዝ በብራውዘር ላይ ባዶ ሰሌዳ ይከፈታል። ተጫዋቹ ዲስቶርሽኑን፣ ዲሌዩን፣ ሪቨርቡን እየጎተተ ያስቀምጣል፤ ገመዱንም እንደፈለገ ከዚህ ወደዚያ ይዘረጋል። ሰሌዳው አንዴ ከተቀመጠ በኋላ ኮምፒውተሩ ቤት ይቀራል፣ ሳጥኑ መድረክ ይወጣል።

ያ ኩባንያ ከሰረ።

የተቆለፈ ዕቃ ቢሆን ታሪኩ እዚህ ያበቃ ነበር። የዋናው ሶፍትዌር ኮድ ግን ለሁሉም ክፍት ስለነበረ ሥራው ሞድ ኦዲዮ በሚል ስም ቀጠለ። ይኸው ሶፍትዌር ራስበሪ ፓይ በተባለችው ርካሽ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል፤ ፓይ ስቶምፕ የተባለው ፔዳል የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። ጊታሪክስን የመሳሰሉ በፈቃደኞች የተጻፉ የአምፕ ድምፆችም በማንም ኩባንያ ዕድሜ ላይ አልተንጠለጠሉም።

«ኮምፒውተር ይዘገያል» የሚለው ክርክር ደግሞ በቁጥር ይፈታል። ድምፅ በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየተለካ ልኬቶቹ በ128 በ128 ተቧድነው ቢሠሩ፣ አንዱ ዙር 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ድምፅ በአየር ላይ የሚሄደው 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጠቅላላው መዘግየት ሦስት እጥፍ ቢሆን እንኳ ከአምፕሊፋየሩ ሦስት ሜትር ርቆ እንደመቆም ነው፤ በዚያ ርቀት የማይጫወት ጊታሪስት የለም። ሊኑክስን ለእንዲህ ያለ ጊዜ የማይሰጥ ሥራ የሚያበቃው ማሻሻያም ሃያ ዓመት ገደማ ተለፍቶበት እ.ኤ.አ. በ2024 ከዋናው ኮድ ጋር ተዋህዷል።

እርግጥ ነው፣ ሳጥኑ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሰሌዳው ላይ ኢፌክት ሲበዛ ፕሮሰሰሩ ይጨናነቃል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። አንድ ቁልፍ ተጭኖ መጫወት ለሚፈልግ ሰው የተቆለፈው ፔዳል ይቀለዋል።

ግን ቅለቱ የተለካው በማን ሙዚቃ ነው? ለዜማ ሁለተኛ ድምፅ የሚጨምረውን ሃርሞናይዘር እንውሰድ። በብዙዎቹ ፔዳሎች ላይ በቀላሉ የሚገኙት የአውሮፓ ሜጀርና ማይነር ናቸው። አንቺሆዬን ለሚጫወት ሰው እዚያ የሚጨመረው ድምፅ ከቅኝቱ ይወጣበታል። በአምስት ድምፅ መካከል ሁለት ጊዜ ግማሽ እርምጃ የሚሄደውን ይህን ቅኝት የፔዳሉ ሠሪ አላሰበውም። ኤሌክትሪክ የተገጠመለት ክራር ከጊታር ጎን መድረክ ላይ ከወጣ ቆይቷል፤ እሱንም ያሰበው የለም።

ክፍት በሆነ ሳጥን ላይ ግን የሌላን ሰው ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም። በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ በግራም ማዕከል የተፈጠረው ፋውስት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የድምፅ ኢፌክትን በጥቂት መስመሮች ያስጽፋል፤ የተጻፈውም በእነዚህ ፔዳሎች ላይ ሊጫን ይችላል። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቅኝቱን የሚያውቁ ልጆች አሉት፤ ኮድ የሚጽፉ ወጣቶችም በየዩኒቨርሲቲው ሞልተዋል። እነዚህ ሁለቱ ተገናኝተው ለአንቺሆዬ፣ ለባቲ፣ ለአምባሰልና ለትዝታ የሚሆን ሃርሞናይዘር ይጻፉ፤ ሲጨርሱም ኮዱን ሳይቆልፉ ለሁሉም ይልቀቁት።