ውረዱና ክፈቱላቸው

የኋላ በሯ ወደ ኋላ የሚከፈት ትንሽ መኪና ይዞ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ በዚህ ከተማ መሳቂያ ያደርጋል። ቢኤምደብሊው አይ3 የምትባለዋን የኤሌክትሪክ መኪና ማለቴ ነው። ርዝመቷ አራት ሜትር ገደማ ነው፤ የምትይዘውም አራት ሰው ብቻ። የፊት በሯ እንደማንኛውም መኪና ነው። የኋላው ግን ማጠፊያው በኋላ ጎማ በኩል ስለሆነ በተቃራኒ ይዞራል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲከፈቱ እንደ ድሮ ቁምሳጥን ግራና ቀኝ ብርግድ ይላሉ፤ መሀላቸው ምሰሶ የሚባል ነገር የለም። የኋላው በር ከውጭ እጀታ የለውም። ዋናው ጉድ ደግሞ ይኸውላችሁ፦ የፊቱ በር ካልተከፈተ የኋላው አይከፈትም። ልጁ ከውስጥ ቢታገል፣ "ማሚ ረፈደብኝ" እያለ ቢያለቅስ፣ ወይ ፍንክች!

እህቴ ሁለት ልጆቿን የምታመላልሰው በዚህች መኪና ነው። ጥግ ይዛ ታቆማለች፤ ቀበቶዋን ትፈታለች፤ ትወርዳለች፤ በመኪናዋ አፍንጫ በኩል ዞራ የጋቢናውን በር ትከፍታለች፤ ቀጥሎ የኋላውን። ልጆቹ ቦርሳና ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ከነሙሉ ክብራቸው ይወርዳሉ። የሚያዩዋት ሰዎች "ይሄ መኪና ነው ወይስ ቅጣት?" ይሏታል። "በዚህ ብር ደህና ቪትዝ አይገዛም ነበር?" የሚልም አይጠፋም። የሰው ገንዘብ ማቀድ መቼም የማይደክመን ሕዝብ ነን።

እኔ ግን እላለሁ፦ ቅጣት ከሆነ ለእኛ ለአዲስ አበባ ባለመኪኖች በልካችን የተሰፋ ቅጣት ነው። ልጅ በማድረስ ጉዳይ ከዚህች የተሻለ በር ያላት መኪና አላየሁም። የተሻለ ያደረገውም ማስቸገሩ ነው።

ማስቸገር እንዴት ጥቅም ይሆናል የሚል ካለ፣ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰፈሩ ካለ የግል ትምህርት ቤት በር ላይ ይቁም። ሲኤምሲም ይሁን ገርጂ፣ ሳር ቤትም ይሁን ጀሞ፣ ትዕይንቱ አንድ ነው። የመጀመሪያው መኪና የእግረኛውን መንገድ ወጥቶበታል። ሁለተኛው እሱን ደርቦ ቆሟል። ሦስተኛው የሁለቱን መቆም እንደ ፈቃድ ቆጥሮ መሀል አስፋልት ላይ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ ተገትሯል። አራት ፍሬቻ በእኛ ከተማ የኃጢአት ማስተሰረያ ነው፤ እሱን ያበራ ሰው የትም ቢቆም አይጠየቅም። ከዚያ የሦስተኛው መኪና የግራ የኋላ በር ድንገት ይከፈትና ከወገቡ የሚበልጥ ቦርሳ ያዘለ የሰባት ዓመት ልጅ ወደሚመጣው መኪና ፊት ዘሎ ይወርዳል። አባትየውስ? አባትየው መሪ ጨብጦ ስልክ ያወራል። ልጁን የሚሰናበተው በስፖኪዮ ነው። አንዳንዴ በስፖኪዮም አይደለም፤ የበሩ መዘጋት ድምፅ እንደ ስንብት ተቆጥሮ ማርሽ ይገባል።

ባለ አራት በር መኪና ለወላጅ የሰጠው ትልቁ ስጦታ ይኸው ነው፦ ከወንበሩ ሳይነሳ ልጁን መጣል መቻል። ልጁ እጀታውን ይስባል፤ ይወርዳል፤ አለቀ። ከሱ የሚበልጠውን ውሳኔ፣ ማለትም "አሁን በሩን ብከፍተው ከኋላ የሚመጣ ሞተር አለ ወይ?" የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው የሰባት ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ሠላሳ ዓመት ኖሮ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ፣ በሩን ሲከፍት ስንቴ "ዓይንህ አይታይህም?" እንደተባለ ራሱ ያውቃል። ታዲያ ሥራውን ለአንደኛ ክፍል ተማሪ አሳልፎ የሚሰጠው በምን ሒሳብ ነው?

አይ3 ይህን አትፈቅድም። ወላጁ ካልወረደና የፊቱን በር ካልከፈተ ልጅ አይወርድም። ለመውረድ ደግሞ መቆም አለበት፤ ሰው ወርዶ የሚዞርበት ቦታ ላይ መቆም አለበት። መሀል አስፋልት ላይ ወርዶ ዞሮ በር መክፈት የሚሞክር ወላጅ ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ሚኒባስ ታክሲ ትምህርት ይሰጠዋል፤ በሁለተኛው ቀን ጥግ ይይዛል። ጋቢና ማስቀመጥም አንዱ ልማዳችን ነው፤ ልጁ ቶሎ እንዲወርድ ሲባል ከኋላ መቀመጥ ያለበት ሕፃን ፊት ይቀመጣል፣ ወይም በሁለቱ ወንበሮች መሀል ይቆማል። ይህን የሚከለክል በር እስካሁን አልተሠራም፤ ያ የወላጅ ሥራ ነው።

ይህ ዓይነቱ በር የሚያስፈራ ስም የነበረው መሆኑን አውቃለሁ። ፈረንጆች "የራስ ማጥፊያ በር" ይሉት ነበር፤ ያለ ምክንያትም አልነበረም። የደህንነት ቀበቶ ባልነበረበት ዘመን መኪናው እየሄደ በሩ ትንሽ ገርበብ ካለ ነፋሱ ይይዘውና ይበረግደዋል፤ ልዝጋ ብሎ የተንጠራራም አብሮ ይወጣል። አዲስ አበባም ለእንዲህ ያለ በር እንግዳ አይደለችም። ታላላቆቻችን የሚያወሩለት ፊያት 600፣ በእነሱ አጠራር ሰይቼንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲወጣ በሮቹ ማጠፊያቸው ከኋላ ነበር፤ ፋብሪካው ወደ ፊት ያዞረው በ1964 ነው። ስለዚህ "ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?" የሚሉ አዛውንት ካሉ በወጣትነታቸው ምን ዓይነት በር ከፍተው ይገቡ እንደነበር ቢያስታውሱ ደስ ይለኛል። የዛሬው ልዩነት የኋላው በር በፊተኛው መቆለፉ ነው። መኪናው እየሄደ ገርበብ የሚል ነገር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ፤ ያልተለመደ በር ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን ሚኒ ክለብማን እዩት። ለኋላ ተሳፋሪ ተብሎ አንዲት ትንሽ በር ተሠራችለት፤ በቀኝ በኩል ብቻ። መኪናው ይገጣጠም የነበረው ኦክስፎርድ፣ እንግሊዝ ውስጥ ነው። እንግሊዞች የሚነዱት በግራ ነው። ይኸውላችሁ እንግዲህ፣ በገዛ አገሩ የተሠራ መኪና የገዛ አገሩን ልጆች የሚያወርደው ወደ መሀል መንገድ! የነዳጅ መሙያው በግራ በኩል ስለነበር በሩን ወደዚያ ማዞር ብዙ ወጪ ይጠይቃል ተባለ። እኛ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ስለምንነዳ ያች በር ለአዲስ አበባ ልጅ ልክ ነበረች፤ ለበርሚንግሃም ልጅ ግን አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጣው ተከታዩ ሞዴል በሁለቱም ጎን እንደ ሰው በር ተሠራለት። ሀዩንዳይ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2011 ቬሎስተርን ሲያወጣ በሾፌሩ በኩል አንድ፣ በተሳፋሪው በኩል ሁለት በር አደረገ፤ በግራ ለሚነዱ አገሮች ደግሞ ገልብጦ ሠራው። ከመንገዱ ዳር ለልጅ በር፣ ከመሀል በኩል ግድግዳ። ቬሎስተርን የገዛው ወጣት ስለ ልጅ አስቦ እንዳልገዛው ግልጽ ነው፤ ግን ሳያስበው አንድ የተማሪ መኪና ገዝቷል።

ለነገሩ በር የሚከፍት ሰው አስፈላጊ መሆኑን ይህች ከተማ ዱሮም ታውቃለች። ሚኒባስ ታክሲ ላይ ለአንድ ተንሸራታች በር ብሎ አንድ ሙሉ ሰው ይቀጠራል፤ "ወራጅ አለ!" ሳይባል፣ ረዳቱም ሳይከፍት የሚወርድ የለም። ደህና የተማሪ ሰርቪስም ልጆቹን ይዞ የሚያወርድ ረዳት አለው። ላዳ ታክሲስ? የኋላ በሩ የውስጥ እጀታ ከተነቀለ ስንት ዘመኑ ነው! ሾፌሩ ወርዶ ወይም በመስኮት እጁን አሾልኮ ከውጭ ይከፍትላችኋል። እንስቃለን እንጂ ላዳው ያለ ጀርመን መሐንዲስ እዚያው መፍትሔ ላይ ደርሷል። ያለ ረዳት የቀረው የቤት መኪና ብቻ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። "ጊዜ ይፈጃል" ይባላል። አዎ፣ ይፈጃል። ሰዓት ይዤ ባላየውም ከአንድ ደቂቃ የሚያልፍ አይመስለኝም። ያው ወላጅ ማታ ልጁን ሲወስድ ሃያ ደቂቃ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ቲክቶክ ያያል። "ጠባብ ቦታ ላይ አይመችም" የሚለው ግን እውነት ነው። ጎንህ ሌላ መኪና ከቆመ ሁለቱ በሮች ተከፍተው መሀል ላይ እንደ በረት ያጥሩሃል፤ አንዱን ሳትዘጋ መውጫ የለህም። ማዝዳ ኤምኤክስ 30 ላይ ደግሞ የፊት ወንበር ቀበቶ የተገጠመው የኋላው በር ላይ ስለሆነ ፊት የተቀመጠው ሰው ቀበቶውን ሳይፈታ የኋላው ሊከፈት አይገባም። የአይ3 የኋላ መስኮትም አይወርድም፤ ልጅ መኪና ሲሄድ የሚያቅለሸልሸው ከሆነ እናቱ ታውቀዋለች።

አንዱን ተቃውሞ ግን በቀልድ አላልፈውም። አደጋ ቢደርስና የፊቱ በር ተጨፍልቆ አልከፈት ቢል፣ ከኋላ ያለው ልጅ በዚያ በኩል የሚወጣበት በር የለውም። ተራ መኪና ላይ ቻይልድ ሎክ ቢኖር እንኳ መንገደኛ ከውጭ ሊከፍተው ይችላል። ይህ የእውነት ጉድለት ነው። ሆኖም እንዲህ ያለው አደጋ የሚያጋጥመው ቢያጋጥም በዕድሜ አንዴ ነው፤ በትምህርት ቤት በር ላይ ወደ ግራ ተዘሎ የሚወረደው ግን በሳምንት አምስት ቀን ነው። ሁለቱን መዝኜ ሳበቃ በየቀኑ የሚሆነው ይበልጥ ያስፈራኛል።

ደግሞ ሌላ አዲስ ነገር መጥቷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በትምህርት ቤት በር ላይ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። የኤሌክትሪክ መኪና በዝግታ ሲሄድ ድምፁ እዚህ ግባ አይባልም። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ የኤሌክትሪክ መኪና በዝግታ ሲሄድ እግረኛ የሚሰማው ድምፅ እንዲያሰማ አስገድዷል፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙዎቹ ግን ዝም ብለው ነው የሚመጡት። የአገራችን ልጅ ደግሞ መንገድ መሻገር የተማረው በጆሮው ነው።

ስለ በር ይህን ያህል የምነዘንዘው ስለ መኪናው ልጅ ብቻ አስቤ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች በመግደል የመንገድ አደጋ ቀዳሚው ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ከሚሞተው አብዛኛው እግረኛ ነው። አሁን ያንን የትምህርት ቤት በር እንደገና እዩት። በእግሩ የመጣው ልጅ የእግረኛ መንገዱ በመኪና ተይዞበታል፤ ስለዚህ በአስፋልቱ ይሄዳል። ዜብራው ላይ አንድ መኪና ቆሞበታል፤ ስለዚህ በሁለት መኪና መሀል ሾልኮ ይሻገራል፤ የሚመጣው ሾፌርም ግንባሩን እንጂ ሌላውን አያይም። መሀል ላይ ባንዲራ የያዘ ተማሪ ትራፊክ፣ ራሱ ገና ልጅ የሆነ፣ አንድ ቪኤይት ለማስቆም ይለምናል። ልጃችንን በመኪና የምናደርሰው መንገዱ አደገኛ ስለሆነ ነው እንላለን። መንገዱን በዚያች ሰዓት አደገኛ ያደረገው ማን ሆነና? የጫማው ሶል ያለቀበት ልጅ ነው?

"ታዲያ ሁላችንም አይ3 እንግዛ?" አትበሉኝ። ያረጀች ባለ ሁለት በር ቪትዝም ይህንኑ ሥራ ትሠራለች፤ የፊት ወንበሩ ካልታጠፈ ከኋላ ማንም አይወጣባትም። ባለ አራት በር ያለው ሰው የግራውን የኋላ በር ይክፈትና ጠርዙን ይይ፤ እዚያ ትንሽ ማንሻ አለች። እሷን ካንቀሳቀሳት ልጁ በዚያ በኩል ከውስጥ መክፈት አይችልም። አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ከዚያ ልጁን በቀኝ በኩል ማስቀመጥ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ሁለት መቶ ሜትር ራቅ ብሎ ጥግ ይዞ ማቆም፣ ወርዶ እጁን ይዞ መሄድ ነው። በመንገድ ላይ ልጁ ስለ ትናንት የሒሳብ ፈተና ያልነገራችሁን ሊነግራችሁ ይችላል፤ ካልነገራችሁም ቢያንስ ቦርሳው ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃላችሁ።

ከኋላ ክላክስ የሚያንባርቀውን በተመለከተ፣ ያንባርቅ። እሱም ልጅ ይዟል፤ መውረዱ አይቀርለትም።