የወሰን ጥበቃ ወጪና የቆላው ገበሬ

አጥር የሌለውን አትክልት ከብት እንደሚበላው ሁሉ፥ ጠባቂ የሌለውንም አገር ባዕድ እንደሚደፍረው የታወቀ ነው። ስለዚህ አንድ መንግሥት ለጦር ሠራዊቱ ቀለብ፥ ልብስና መሣሪያ ገንዘብ ማውጣቱ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ ሥራ አይደለም። ነገር ግን አጥሩን ለማጠር ሲባል የአትክልቱ ዛፍ ሁሉ ተቈርጦ ያለቀ እንደ ሆነ፥ ታጥሮ የሚቀረው ባዶ መሬት ነው። ስለ መከላከያ ወጪ በሚነገርበት ጊዜ ምን ያህል ገንዘብ ወጣ ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ከማን ጎተራ ወጣ፥ በምን መንገድ ወጣ፥ ከወጣስ በኋላ ወዴት ሄደ ብሎ መመርመር ይገባል። ይህም ነገር በወሰን አጠገብ ባለው በሸሕዲ፥ በመተማና በቋራ ቆላ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ጐልቶ ይታያል።

የወጪው ቍጥር ራሱ ቀላል አይደለም። በ2015 ዓ. ም. ለፌዴራሉ መንግሥት ከተፈቀደው 786 ቢሊዮን ከ600 ሚሊዮን ብር ያህል ባጀት ውስጥ ለመከላከያ የተመደበው 84 ቢሊዮን ብር ነበር፤ ይኸውም ከመቶው ብር ዐሥራ አንዱ ያህል መሆኑ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ. ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ የሰሜኑ ጦርነት ከቆመ በኋላ፥ በ2016 ዓ. ም. ከ801 ቢሊዮን ብር በላይ ከሆነው ባጀት የመከላከያው ድርሻ ወደ 50 ቢሊዮን ብር ወረደ። ሰላም ለግምጃ ቤት ምን ያህል እንደሚያተርፍ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሸክሙም የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በስዊድን አገር በስቶክሆልም ከተማ የሚገኘው የሰላም ምርምር ተቋም እንዳስታወቀው፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2024 ዓ. ም. በመላው ዓለም ለጦር የወጣው ገንዘብ 2 ሺህ 718 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል።

ለመከላከያ የሚወጣው ሀብት የሚሄድበት መንገድ ሦስት ነው። አንደኛው በአገር ውስጥ ገበያ የሚያልፈው ነው። ገንዳ ውኃ ተብላም በምትጠራው በሸሕዲ ከተማ አንድ ወታደር ደመወዙን ተቀብሎ ጤፉንና በርበሬውን፥ ሳሙናውንና ጫማውን በዋጋው ሲገዛ፥ ገንዘቡ ከግምጃ ቤት ወደ ነጋዴው፥ ከነጋዴውም ወደ ገበሬው ይሄዳል፤ ከፊሉም በግብር ስም ተመልሶ ወደ ግምጃ ቤት ይገባል። ለሠራዊት መተላለፊያ የተጠረገውም መንገድ የገበሬውን እህል ያመላልሳል። ቢሆንም በዚህ ተመክቶ ወታደር በበዛ ቍጥር አገር ይበለጽጋል ማለት ስሕተት ነው። በገበያው ላይ ያለው ማሽላ ሳይጨምር ገዢው ብቻ የበዛ እንደ ሆነ ዋጋው ይወደዳልና፥ ደመወዝ የሌለው ድኻ ይራባል።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ውጭ አገር የሚወስደው ነው። መሣሪያውን በራሱ ፋብሪካ የሚሠራ አገር ለጦር ያወጣው ገንዘብ ለራሱ ሠራተኞች ይደርሳል። ከባዕድ የሚገዛ አገር ግን ዋጋውን በውጭ ምንዛሪ መክፈል አለበት፤ ምንዛሪውም ከቡና፥ ከወርቅ፥ ከሰሊጥና ይህን ከመሰለው ሸቀጥ ይገኛል። እንግዲህ በመተማ፥ በቋራና በሑመራ የሚመረተው ሰሊጥ ወሰን ጠባቂው ከሚይዘው ጠመንጃ ጋራ የተያያዘ ነው ማለት ነው። በዚሁ ምንዛሪ ደግሞ ነዳጅ፥ መድኃኒትና ማዳበሪያ ይገዛበታል። አንድ ኩንታል ሰሊጥ በሜዳ ላይ በጠፋ ጊዜ የሚጐዳው ባለ እርሻው ብቻ አለመሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

ሦስተኛው መንገድ በግምጃ ቤት በኩል ሳያልፍ ከገበሬው ጎተራ በቀጥታ የሚወሰደው ነው። ይህ መንገድ በኢትዮጵያ እጅግ የቈየ ሲሆን፥ ክፋቱም በቀደሙት ነገሥታት ዘንድ የታወቀ ነበር። በቋራ የተወለዱት ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ. ም. ከነገሡ በኋላ፥ ወታደር ገበሬን እንዳይዘርፍ ከልክለው ለሠራዊታቸው ደመወዝ ለመስጠት አስበው ነበር። ለዚህም የሚሆን ገቢ ለማግኘት የቤተ ክርስቲያንን መሬት ለመቀነስ ስለ ፈለጉ ከካህናት ጋራ ጽኑ ክርክር ገጠሙ። ነገር ግን የግምጃ ቤቱ ገቢ ሳይደራጅ የሠራዊቱ ቍጥር እጅግ በዝቶ ስለ ነበር አሳባቸው አልጸናም። በየአውራጃውም ዐመፅ በተነሣ ጊዜ፥ ዝርፊያን የከለከሉት ንጉሥ በ1859 ዓ. ም. የጎንደርን ከተማ አዘረፉ፥ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠሉ። ዐፄ ምኒልክም በኋላ፥ በ1885 ዓ. ም. ገደማ፥ ወታደር በገበሬ ቤት እየገባ እንዳይበላ ዐሥራት እንዲከፈልና ሠራዊቱ ከዚያ እንዲቀለብ ዐዋጅ ነገሩ። አንዱ ንጉሥ ያልሆነለትን ሌላው በሌላ ዘዴ መሞከሩ፥ የወታደር ቀለብ በታወቀ ልክና በታወቀ በር ካልገባ መንግሥት እንደማይጸና መገንዘባቸውን ያሳያል።

እንዲህም ሲባል የወሰን ጥበቃ ወጪ ይቅር ማለት አይደለም። የመተማ ምድር ጠባቂ ማጣት ምን እንደሚያስከፍል ከማንም ይልቅ ያውቃል። በጥር 1880 ዓ. ም. የደርቡሽ ጦር በሳር ውኃ የጎጃምን ንጉሥ የተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት ድል አድርጎ ወደ ጎንደር ዘለቀ፥ ከተማዋንም አቃጠለ። በመጋቢት 1881 ዓ. ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ሲዋጉ ቈስለው ሞቱ፤ የወሰኗም ከተማ በስማቸው መተማ ዮሐንስ ተባለች። መተማ ከዚያ አስቀድሞ ቡናና ሰም፥ በጣም በሚያሳዝን አኳኋን ሰውም ጭምር የሚሸጥባት ታላቅ ገበያ ነበረች፤ በጦርነቱ ግን ነጋዴዎቿ ተበተኑ። በቅርቡም፥ በ2013 ዓ. ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲነሣ የኢትዮጵያ ጦር ፊቱን ወደዚያ ስላዞረ፥ የሱዳን ጦር በአልፋሽቃ ምድር ገፋ፤ በዚያ ያርሱ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ገበሬዎችም ከእርሻቸውና ከንብረታቸው ተፈናቀሉ። ስለዚህ ለወሰን የሚወጣ ብር ፍሬ የለውም የሚል ሰው ቢኖር፥ ከዚያ የተፈናቀሉት ገበሬዎች ይመልሱለታል።

ነገሩ የሚከፋው የጥበቃው ሸክም ሳይቈጠር በአንድ ወገን ትከሻ ላይ የወደቀ እንደ ሆነ ነው። በባጀት ላይ የሚጻፈው ቢሊዮን ብር የመከላከያ ወጪ ሁሉ አይደለም። በጦርነቱ ዓመታት ሕዝቡ ለሠራዊቱ ስንቅ አዘጋጅቷል፥ ሰንጋ ነድቷል፥ ገንዘብ አዋጥቷል። ከዚህም በቀር በየቀበሌው የሚጠብቀው ሚሊሻ ራሱ ገበሬ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ደመወዝ ሳይኖረው ጠመንጃውን ይዞ ሌሊቱን ያድራል፥ ቀኑንም ኬላ ላይ ይውላል። የእርሱ የሥራ ቀን በየትኛውም መዝገብ በወጪ አይጻፍም። ባይጻፍም ግን ተከፍሏል፤ የከፈለውም እርሻው ሳይታረም የቀረበት ያ ገበሬ ነው።

ይህን ለመረዳት የሰሊጥን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰሊጥ በክረምት መግቢያ ይዘራል፥ በሐምሌና በነሐሴ ይታረማል፥ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይታጨዳል። በደረሰ ጊዜ ወዲያው ታጭዶና በነዶ ታስሮ ካልቆመ፥ ዛላው ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ የረገፈውንም የሚለቅመው የለም። ማሽላ ጥቂት ቀን ቢታገሥ ሰሊጥ አይታገሥም። እንግዲህ በመጋቢት አንድ ገበሬ ለዐሥር ቀን ለጥበቃ ቢጠራ የሚጐድልበት ጥቂት ነው፤ በመስከረም መጨረሻ ለዐሥር ቀን የተጠራ እንደ ሆነ ግን የዓመት ልፋቱ ሊጠፋ ይችላል። የጥበቃው ቀን አንድ ሆኖ ሳለ ዋጋው እንደ ወራቱ ይለያያል፤ ተራ የሚያወጣ ሹም ይህን ካላወቀ፥ ሳያስበው ከግብር ሁሉ የከበደ ግብር ይጥላል።

የቆላው እርሻ በባለ መሬቱ እጅ ብቻ አይሠራም። በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋው አገር ብዙ የቀን ሠራተኞች ይወርዳሉ። እነዚህም ወባንና ካላ አዛርን ሳይፈሩ የሚመጡት ደመወዛቸውን ይዘው በደኅና ወደ ቤታቸው ለመመለስ ነው። በጎንደርና በመተማ መንገድ ላይ ሰው እያገቱ ገንዘብ የሚጠይቁ ወንበዴዎች በተነሡበት፥ ከ2015 ዓ. ም. መጨረሻም ጀምሮ በአማራ ክልል ውጊያ በተስፋፋበት ጊዜ፥ ሠራተኛው ለመውረድ ፈራ፥ ባለ መኪናውም ጭነት ለማንሣት አመነታ። በሚያዝያ 2015 ዓ. ም. በሱዳን በተነሣው ጦርነትም ብዙ ሺህ ስደተኞች በመተማ በኩል ገቡ፥ የወሰኑም ንግድ ታወከ። እንግዲህ በዚህ አገር የመከላከያ ወጪ ፍሬ አፍርቷል ወይስ አላፈራም ለሚለው ጥያቄ መለኪያው ቅርብ ነው፤ ሠራተኛው በመስከረም ወርዶ በኅዳር ደመወዙን ይዞ ከተመለሰ፥ ሰሊጡም በየኬላው ሳይራቆት ገበያ ከደረሰ፥ ወጪው በከንቱ አልሄደም።

ከዚህ የተነሣ በወሰን አገር ሥልጣን የተሰጣቸው ሹማምንት ሊያደርጉት የሚገባ ሥራ አለ። ለሠራዊቱ የሚሰጥ እህል፥ ሰንጋም ሆነ የመኪና አገልግሎት በዕለቱ የገበያ ዋጋ ተገምቶ ደረሰኝ ይቈረጥለት። የሠራዊቱ ቀለብ በተቻለ መጠን ከአዝመራ በኋላ፥ እህል በሚረክስበት ወራት፥ ከዚያው አገር ገበሬ በእጅ ዋጋ ይገዛ። የሚሊሻው ተራ በእርሻው ወራት ተለክቶ ይውጣ፤ በአረምና በአጨዳ ጊዜ ግድ የተጠራ እንደ ሆነ፥ በዚያ ቀን የአንድ የእርሻ ሠራተኛ የቀን ዋጋ ይከፈለው። በመንገድም ላይ አንድ ጊዜ የሚገባውን የከፈለ ጭነት በሁለተኛው ኬላ ዳግመኛ አይጠየቅ።

ምናልባት ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ወጪው አዲስ አይደለም፤ ዛሬም እየተከፈለ ነው። ልዩነቱ አሁን የሚከፈለው ያለ ሒሳብ መሆኑና፥ ብዙ ጥማድ ያለው ባለ ጠጋና አንድ ማሳ ያላት መበለት እኩል የሚጠየቁበት ጊዜ መኖሩ ነው። የጦር ነገር ምስጢር ነው ተብሎም መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። የሠራዊቱ ቍጥርና የሰፈሩ ቦታ ምስጢር መሆኑ እውነት ነው፤ ከአንድ ገበሬ የተወሰደ የአንድ ኩንታል ማሽላ ዋጋ ግን ከጠላት የሚሰወር ምስጢር አይደለም። ሒሳቡ በተሰወረ ጊዜ የሚጠቀመው በመካከል ሆኖ ለሠራዊት ነው እያለ ለራሱ የሚሰበስብ ሰው ነው፤ እርሱም የገበሬውን እህልና የሠራዊቱን ስም አንድ ላይ ይሰርቃል።

ካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። መጥምቁ ዮሐንስ ወደ እርሱ የመጡትን ጭፍሮች ጠመንጃ፥ በዚያ ዘመንም ሰይፍ፥ ይጣሉ አላላቸውም፤ በማንም ላይ ግፍ እንዳያደርጉና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው መከራቸው እንጂ። ይህ ምክር ለወታደሩም ለሹሙም ሲነገር፥ ደመወዙ የሚበቃው ሲከፈለው መሆኑም አብሮ ሊነገር ይገባል። መዋጮ በሚሰበሰብበት ቀን ጽሕፈት የሚያውቅና ሕዝቡ የሚያምነው ካህን በምስክርነት ቢቀመጥ፥ ሰጪው ያለ ፍርሃት ይሰጣል፥ ተቀባዩም ከሐሜት ይድናል። በጦርነቱ ከእርሻቸው የተፈናቀሉትንና የጧሪ ልጅ ያጡትን ከመዋጮው ነጻ ለማውጣትም ከደብሩ አገልጋዮች የተሻለ የሚያውቃቸው የለም።

የመስከረም ፀሐይ የሰሊጡን ዛላ ማድረቅ ስትጀምር ለመመካከር ጊዜ አይኖርም። የጥበቃው ተራ፥ የቀለቡ ግዢና የደረሰኙ መዝገብ በክረምቱ ወራት፥ ገበሬው በአረም ላይ ሳለ፥ ተዘጋጅቶ ማለቅ ይኖርበታል። በመተማ ወሰን ላይ የቆመው ዘብ ከኋላው ያለው ማሳ መታጨዱን አይቶ የሚጠብቅ እንደ ሆነ፥ ገበሬውም ዘቡን እንደ ራሱ አጥር ያየዋል፤ ሁለቱ የተለያዩ ዕለት ግን ወሰኑን የሚያጸና ባጀት አይገኝም።