በወተት ውስጥ ስለሚቀር መድኃኒትና ስለ ምርመራው

ሶደሬ፥ ቀድሞ ናዝሬት ዛሬ አዳማ ከምትባለው ከተማ ብዙ ሳትርቅ በአዋሽ ዳር ያለች፥ በፍል ውሃዋ የታወቀች ስፍራ ናት። ሰው ወደዚያ የሚወርደው ልጆቹን ይዞ ነው፤ ለልጅም አስቀድሞ የሚፈለገው ወተት ነው። ስለዚህ የዚያ አገር ሹማምንት ስለ ፍል ውሃው የሚያስቡትን ያህል ስለ ወተቱም ሊያስቡ ይገባል።

በ2006 ዓ.ም. የታተመ የምርምር ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፥ ከናዝሬትና ከደብረ ዘይት የወተት ላሞች ርቢ ከተወሰደ 400 ናሙና በ48ቱ ውስጥ የመድኃኒት ቅሪት ተገኝቷል። የሚበዛው ኦክሲቴትራሳይክሊን፥ የቀረው ፔኒሲሊን ነበረ። ኮዴክስ የተባለው የዓለም የምግብ ደንብ ጉባኤ የፈቀደው ወሰን በአንድ ሊትር ወተት ለፊተኛው 100፥ ለኋለኛው 4 ማይክሮግራም ነው፤ በናዝሬት የተገኘው ኦክሲቴትራሳይክሊን በአማካይ ከዚህ ያለፈ ነበረ።

ፔኒሲሊን አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1921 ዓ.ም. ካገኘው ወዲህ ብዙ ነፍስ አድኗል፤ ጡቷ ያበጠ ላምም ትድንበታለች። ጥፋቱ የመድኃኒቱ ሳይሆን፥ የተወጋችውን ላም ወተት በማግሥቱ ከሌላው ጋር ቀላቅሎ የሚሸጠው ሰው ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ይታመምበታል፤ ተሐዋስያኑም መድኃኒቱን ይለምዱና ሰው በታመመ ጊዜ አይበገሩለትም። ማፍላትም ቅሪቱን ፈጽሞ አያጠፋውም። እርጎ አልረጋ ያላት ባልቴት ቅሉን ትወቅሳለች እንጂ መርፌውን ማን ይጠረጥራል?

አሁን ሊቃውንት በብርሃን የሚሠራ መመርመሪያ በማውጣት ላይ ናቸው። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ፥ እንደ ቲታኒየም ኦክሳይድ ያለ ስስ ልባስ በመስተዋት ላይ ይቀባል፤ በላዩም አንዱን መድኃኒት ብቻ ለይቶ የሚይዝ አጭር የዲ ኤን ኤ ክር ይተከላል። መድኃኒቱ በወተቱ ውስጥ ካለ ክሩ ይይዘዋል፥ ኤሌክትሪኩም ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ የለውጡ ልክ የመድኃኒቱን ልክ ያሳያል። በአንዱ መስተዋት ላይ ልዩ ልዩ ክር በየስፍራው ተክሎ ብርሃኑን በተራ ቢያሳርፉበት፥ ከአንድ ናሙና ሁለት ሦስት መድኃኒት ለመለየት ይቻላል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ገና ከምርምር ቤት ብዙ አልወጣም፤ እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። መርፌ የሚወጋው የእንስሳት ሐኪም የወጋበትን ቀንና ወተቱ የማይሸጥበትን የቀን ቁጥር ጽፎ ለባለቤቱ ይስጥ፤ ላሚቱም እስከዚያ ቀን በእግሯ ገመድ ታስሮ ትለይ።

በዚህ ላይ መቅጫ ብቻ የሚያወጣ ሹም ሰውን መደበቅ ያስተምረዋል። ሁለት ላም ላለችው ድኻ የአምስት ቀን ወተት መድፋት የቤቱን ቀለብ መድፋት ነው። ስለዚህ የወተት ማኅበራት ከጋራ ገንዘባቸው ጥቂት ለይተው፥ ላሜ ታማለች ብሎ ወተቱን ለሚያስቀር ሰው ጉዳቱን ቢያቃልሉለት ይሻላል፤ ወረዳውም ይህን በደንብ ያጽናላቸው።

መሣሪያው የመጣ ጊዜም ስፍራው ወተት በሚሰበሰብበት ደጅ፥ የአንዱ ቆርቆሮ ከሌላው ሳይቀላቀል በፊት ይሁን። በዋና ከተማ ቢቀመጥ መልሱ የሚደርሰው ልጆቹ ወተቱን ከጠጡት በኋላ ነው።