ካለፈው ሕመም የተረፈ ኪኒን

እናቶች፣ ዛሬ በየቤታችን መሳቢያ ስለሚቀመጠው የተረፈ የወባ መድኃኒት እንነጋገር። የታዘዘለትን ኪኒን ጀምሮ፣ ሻል ሲለው ቀሪውን «ለክፉ ቀን ይሆናል» ብሎ ማኖር በብዙ ቤተሰብ የተለመደ ነው። ያ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ታማሚው ሕፃን ልጅ ነው። ወባ በተለይ በሕፃናት ላይ ፈጣን ስለሆነ፣ በቤት ሙከራ የሚባክነው ቀን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ስለ ወባ የሚያውቀው ሐኪም ብቻ አይደለም። በቆላ ያደጉ እናቶች ንዳድ የሚበረታው ክረምቱ ወጥቶ ውኃ በየጉድጓዱ ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መሆኑን ከጥንት ጀምሮ ያውቃሉ። በመጀመሪያ ብርድ ብርድ እንደሚል፣ ቀጥሎ ትኩሳቱ እንደሚያነድ፣ በመጨረሻም ላብ እንደሚያጠምቅ ያውቃሉ። ይህ የሚናቅ ዕውቀት አይደለም።

«የበቆሎ እሸትና አገዳ ወባ ያመጣል» የሚለውን አባባል እንውሰድ። እሸት የበላ ሰው በእሸቱ ምክንያት ወባ አይዘውም፤ በሽታውን የምታስተላልፈው አኖፊለስ የምትባለው ትንኝ ናት። ነገር ግን አባባሉ ከምንም አልተነሣም። እሸት የሚደርሰው ወባ በሚበዛበት ወራት ነው። ከዚህም በላይ በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች የበቆሎ አበባ ብናኝ በኩሬ ላይ ሲወድቅ ለትንኟ እጭ ምግብ እንደሚሆናት አሳይተዋል። ስለዚህ ሕዝቡ ጊዜውን በትክክል አይቷል፤ የሳተው ምክንያቱን ነው።

አደጋው የሚጀምረው ትኩሳቱን ራሳችን ሰይመን ራሳችን ማከም ስንጀምር ነው። ልጁ ሲያተኩስ «ምች ነው» ብለን ዳማ ከሴ እንጨምቃለን። «ወባ ነው» ያለች ጎረቤት ደግሞ ፌጦ በሎሚ ወይም ነጭ ሽንኩርት በማር ታመጣለች። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በምግብነታቸው ጥሩ ናቸው፤ በደም ውስጥ የገባውን የወባ ተሕዋስ እንደሚያጠፉ ግን አልተረጋገጠም። እርግጥ ነው፣ ኪኒን የተገኘው ከዛፍ ቅርፊት ነው። የዛሬው ዋና የወባ መድኃኒት መሠረት የሆነውም አርቴሚሲኒን ከአንድ የቻይና ተክል የተገኘ ነው፤ ለዚህም ግኝት ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ይሁን እንጂ የሚያድነው ተጣርቶና ተመጥኖ የተሠራው መድኃኒት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የተክሉን ቅጠል እንደ ሻይ አፍልቶ መጠጣትን ለወባ ሕክምና አይመክርም።

ወደ መሳቢያው ኪኒን እንመለስ። በአገራችን በብዛት የሚታዩት የወባ ዓይነቶች ሁለት ናቸው፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ። ለፋልሲፓረም በፊት ክሎሮኪን፣ ቀጥሎም ፋንሲዳር ይሰጥ ነበር። ተሕዋሱ ሁለቱንም እየለመደ ስለተቋቋማቸው እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በኮአርተም ተተኩ። ክሎሮኪን ለቫይቫክስ ሲያገለግል ቆይቷል። እንግዲህ ለጎረቤት የታዘዘው መድኃኒት ለእናንተ ልጅ በሽታ ላይሆን ይችላል።

መድኃኒቱ ትክክለኛው ቢሆን እንኳ መጠኑ ይጎድላል። አንድ አዋቂ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ በስድስት ጊዜ 24 ፍሬ ኮአርተም ይወስዳል። ትኩሳቱ ብዙውን ጊዜ ሦስቱ ቀን ሳይሞላ ይበርዳል፤ ትኩሳት በረደ ማለት ግን ተሕዋሱ አለቀ ማለት አይደለም። ሲሻለው ያቋረጠ ሰው ሕመሙ ይመለስበታል፤ የተረፈውም ለሌላው አይበቃም። የሕፃን መጠን የሚወሰነው በሚዛን ተመዝኖ ነው እንጂ «ግማሹን ስጪው» በሚል ግምት አይደለም።

«ወባዬ ተነሣብኝ» የሚሉ ሰዎችም አሉ። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። የተደበቀውን ለማጥፋት ፕሪማኩዊን የሚባል መድኃኒት ይታዘዛል። ይህ መድኃኒት ተፈጥሯቸው በማይስማማው ሰዎች ላይ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል፤ ለነፍሰ ጡርና ከስድስት ወር በታች ለሆነ ሕፃንም አይሰጥም። የዚህ ዓይነቱን ኪኒን መዋዋስ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አስቡት።

ከሁሉም በላይ፣ ትኩሳቱ ጭራሹን ወባ ላይሆን ይችላል። ታይፎይድ፣ ታይፈስ፣ ግርሻ፣ የሳንባ ምችም ያተኩሳሉ። ለይቶ የሚነግረን የደም ምርመራ ነው። ከጣት ጫፍ በምትወሰድ ጠብታ ደም ውጤቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚታወቅበት ዘዴ አለ። ከዕለት ሥራዋ ቀርታ ወረፋ ለምትጠብቅ እናት ይህም ቀላል እንዳልሆነ ይታወቃል። ነገር ግን የፋልሲፓረም ወባ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልታከመ ወደ ከባድ ሕመም ሊሸጋገርና ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ልጁ ባተኮሰበት ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጡት ወይም ምግብ እንቢ ካለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንዘፈዘፈው፣ ካፈዘዘው ወይም ትንፋሹ ካጠረ ሌሊትም ቢሆን አትዘግዩ። የሚያንዘፈዝፈውን ልጅ «ቡዳ በላው» ብሎ በጢስ ማጠን ውድ ሰዓት ያባክናል።

ደጋ የምትኖሩ እናቶችም «እኛን አይመለከተንም» አትበሉ። አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ብትሆንም፣ ባል ወይም ልጅ ከሰሊጥ አጨዳ፣ ከመንገድ ሥራ ወይም ከሹፍርና ሲመለስ ወባን በደሙ ይዞ ሊገባ ይችላል። ከተመለሰ በኋላ ቢያተኩሰው የት እንደነበረ ለሐኪሙ መናገር አትርሱ።

ከተማም ቢሆን እንደ ቀድሞው መሸሸጊያ አይደለም። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል መጤ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኝታለች፤ በ2022 በድሬዳዋ ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ተያይዛለች። ይህች ትንኝ የምትራባው በረግረግ ብቻ ሳይሆን በበርሜል፣ በሮቶና ለግንባታ በተጠራቀመ ውኃ ጭምር ነው። የውኃ ዕቃችሁን አጥብቃችሁ ክደኑ፤ አጎበሩንም ለተሰጠበት ጉዳይ ተጠቀሙበት።

ነገሩ የዋዛ እንዳልሆነ አኃዙ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር መባቻ እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ መያዛቸውና 1,157 መሞታቸው ተመዝግቧል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ መሳቢያውን ክፈቱና እዩ። የተረፈ የወባ ኪኒን ካገኛችሁ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አኑሩና ነገ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ መድኃኒት ቤት መልሱት። በቤታችሁ አሁን መድኃኒት የሚወስድ ካለም፣ ደኅና ነኝ ቢል እንኳ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ መዋጡን ራሳችሁ ተከታተሉ።