የፍል ውኃ ጉዞ በማኅበር ይታቀድ

የመኸር ሰብል ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ ገበሬው ከዓመት ድካሙ አረፍ ብሎ የወገቡንና የጉልበቱን ሕመም የሚያስታምምበት ወቅት ነው። በዚህም ጊዜ ወደ ፍል ውኃ የሚጓዘው ሰው ብዙ ነው። በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ወረዳ በጉማራ ወንዝ አጠገብ የሚገኘው የዋንዛዬ ፍል ውኃ ለዚህ አንድ ምሳሌ ነው። ይሁን እንጂ ጉዞው አስቀድሞ ካልታቀደ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

ሕመምተኛ ፍል ውኃ መሄዱ የግል ጉዳዩ ነው የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን ለስንቅና ለመጓጓዣ ሲል ያለውን አንድ በሬ የሸጠ ገበሬ የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም። ከእርሱ ጋር ተቀናጅቶ የሚያርሰው ጎረቤቱም በእርሻ ወራት ያለ ጥማድ ይቀራል። በመሆኑም የገበሬ ማኅበር መሪዎች ጉዳዩን በጠቅላላ ጉባኤ ሊያነሱት ይገባል።

በመጀመሪያ ሊወሰን የሚገባው ጊዜው ነው። ከውቂያ በኋላ ያለው የበጋ ወር ለጉዞ ይመቻል። በክረምት ግን ጉማራ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ የሚያጥለቀልቅ ወንዝ ስለሆነ ጉዞው አደገኛ ነው። ሁለተኛው ወጪው ነው። ተጓዦች አስቀድመው በዕቁብ ቢያጠራቅሙና አብረው ቢጓዙ ወጪው ይቀልላል። ከብቶቻቸውንም የቀሩት ጎረቤቶች በተራ ሊጠብቁላቸው ይችላሉ።

ሦስተኛው ጤና ነው። ሙቅ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ለልብና ለደም ግፊት ሕመምተኞች፣ እንዲሁም ለነፍሰ ጡር ሴቶች አደጋ ሊያስከትል ስለሚችል እነዚህ ወገኖች በቅድሚያ የጤና ባለሙያ ሊያማክሩ ይገባል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ እንጂ ፍል ውኃውን ተማምኖ አያቋርጥ። ያቋረጠ እንደሆነ በሽታው መድኃኒቱን ሊላመድና ወደ ቤተሰቡም ሊተላለፍ ይችላል።

ከዚህ ሌላ፣ የአምቦ ውኃ በጠርሙስ ታሽጎ ስለሚሸጥ ከመሬት የሚፈልቅ ማዕድናዊ ውኃ ሁሉ ይጠጣል ማለት አይደለም። ፍል ውኃ ከጥልቅ መሬት ሲወጣ የዓለቱን ማዕድናት አሟሙቶ ነው። በስምጥ ሸለቆ በሚገኙ ብዙ ፍል ውኃዎች ውስጥ ፍሎራይድ የተባለው ማዕድን ይበዛል። ይህም ለረጅም ጊዜ ሲጠጣ የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፤ አጥንትንም ይጎዳል። ስለዚህ ያልተመረመረ ፍል ውኃ በጀሪካን ቀድቶ ለቤተሰብ መጠጥ መውሰድ ተገቢ አይደለም።

በመጨረሻም ተጓዦች የሚያርፉት በሌላ ገበሬ ቀዬ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። መጸዳጃ ሳይዘጋጅ ብዙ ሰው ቢሰፍር ከፍል ውኃው በታች ያለው ወንዝ ይበከላል። ወንዙ ደግሞ የአካባቢው ሕዝብና ከብት የሚጠጣው ነው። እንግዶችን የሚልከውና የሚቀበለው ማኅበር ስለ ማረፊያው፣ ስለ መጸዳጃውና ስለ ማገዶው አስቀድመው ቢመካከሩ ገበሬው በሬውን ሳይሸጥ ታጥቦ ይመለሳል፤ የአስተናጋጁም ወንዝ ንጹሕ እንደሆነ ይቆያል።