ባዶው መዝገብ፦ በደኅንነት የቅድመ ብቃት ምዘና ስለ መውደቅና ከውድቀት ስለ ማገገም

ለግንባታ ሥራ የቅድመ ብቃት ማመልከቻ አስገብቶ በደኅንነት መስፈርት የወደቀ ሥራ ተቋራጭ የሚደርሰው ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። የደኅንነት ኃላፊ ሆኜ ለሠራሁበት ድርጅት የደረሰው አራት መስመር ብቻ ነበር፤ ሥርዓታችን በሥራ ላይ ስለ መዋሉ በቂ ማስረጃ አለማቅረባችንን ከመግለጽ በቀር ሌላ ፍሬ ነገር አልያዘም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ደብዳቤ በኋላ ያየሁትን መነሻ አድርጎ አንድ አስተያየት ያቀርባል። በደኅንነት ምዘና የወደቀ ተቋራጭ የሚያገግመው የጎደለውን ሰነድ በማሟላት ሳይሆን የደበቀውን አደጋ በመመዝገብ ነው፤ ገምጋሚዎችም እንዲህ ያደረገውን ተቋራጭ መልሶ ከሚቀጣ አሠራር ሊወጡ ይገባል።

የመጀመሪያው ሳምንት በዘርፉ እንደተለመደው አለፈ። ሥራ አስኪያጁ የጎደለው ወረቀት እንዲሟላ አዘዙ፤ እኛም አሟላን። ከአንድ የውጭ አገር ድርጅት የተገኘ የደኅንነት መመሪያ ተተርጉሞ፣ የድርጅታችን ስምና ማኅተም ሰፍሮበት፣ በሚያምር ሽፋን ተጠረዘ። ከምዕራፎቹ አንዱ በመተላለፊያ ላይ የተከመረ በረዶ በጨው እንዴት እንደሚቀልጥ የሚያስረዳ መሆኑን ያስተዋልነው ዘግይተን ነው። የአዲስ አበባ የሐምሌ በረዶ ማንም ጨው ሳይነሰንስበት ራሱ እንደሚሟሟ ተርጓሚውም ጠራዡም ያውቃሉ፤ ነገር ግን መመሪያው የተዘጋጀው ለገምጋሚ እንጂ ለፎርማን ስላልነበረ ማንም አላነበበውም።

የጎደለን ወረቀት አለመሆኑን ለመረዳት ምዘናው የሚጠይቀውን ደግሞ ማየት ይበቃል። የድርጅቱ የደኅንነት ፖሊሲ፣ የኃላፊዎች ምደባ፣ የሥልጠና ማስረጃ፣ አንዳንዴም የአይኤስኦ 45001 የምስክር ወረቀት ይጠየቃሉ፤ እነዚህ ሁሉ በገንዘብና በጊዜ የሚገኙ ናቸው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው የአካባቢና ማኅበራዊ ማዕቀፍ ካስከተላቸው የጨረታ ቅጾች አንዱ ደግሞ፣ አመልካቹ ባለፉት 5 ዓመታት በአካባቢያዊና ማኅበራዊ ጉድለት ምክንያት ውሉ የታገደበት ወይም የተቋረጠበት እንደሆነ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። በገንዘብ የማይገዛው የአደጋ መዝገብ ነው። ይህም የውጭ አበዳሪዎች ያመጡብን እንግዳ ነገር አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋን እንዲመዘግብና ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ከእርሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ይህንኑ ያዝዝ ነበር።

በእኛ ማመልከቻ ላይ የአደጋ ብዛት በሚለው ዓምድ ሥር ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ዜሮ ተጽፎ ነበር። ያንን ዜሮ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በጻፍኩበት ጊዜ ግን ከሁለተኛ ፎቅ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ የወደቀውን ፌራዮ አስታውስ ነበር። መወጣጫው በዝናብ ርሶ፣ ማሰሪያው ላልቶ ነበር። የሳይት መሐንዲሱ ከኪሱ አውጥቶ የማሳከሚያ ብር ሰጠው፤ የአገሩ ልጆች አዋጥተው አሳፈሩት፤ በሳምንቱ በቦታው ሌላ ሰው ተተካ። ልጁ የቀን ሠራተኛ ስለነበር በቋሚ ሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ ስሙ አልነበረም፤ ስሙ የሌለ ሰው ደግሞ አልወደቀም ማለት ነው። አዋጁ በአንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ይህንን ድንጋጌ ግን በእኛ ሳይት ለፌራዮ ያነበበለት አልነበረም።

ዜሮው ለምን እንዳላሳመነ ለመረዳት የአደጋ ምጣኔ እንዴት እንደሚሰላ ማየት ይጠቅማል። በብዙ ቅጾች የሚገኘው ቀመር ሊመዘገቡ የሚገባቸውን ጉዳቶች ብዛት በ200,000 አባዝቶ ለጠቅላላው የሥራ ሰዓት ያካፍላል። 200,000 የተገኘው 100 ሠራተኞች በሳምንት 40 ሰዓት ለ50 ሳምንታት ሲሠሩ ከሚለው ስሌት ነው። በአገራችን ሕግ መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት እስከ 48 ስለሚደርስ፣ በዚሁ ጣሪያ ከተሠራ 100 ሠራተኞች በ50 ሳምንታት 240,000 ሰዓት ይሠራሉ። ስድስት ጉዳት የመዘገበ ድርጅት ሰዓቱን በትክክል ከቆጠረ ምጣኔው 5 ይሆናል፤ የውጭውን ልማድ ተከትሎ 40 ሰዓት ብሎ ከገመተ ግን 6 ይሆንበታል። የቀን ሠራተኞችንና የንዑስ ተቋራጮችን ሰዓት የማይቆጥር ድርጅት ጉዳታቸውን በእውነት ቢመዘግብ እንኳ በራሱ ላይ ይፈርዳል ማለት ነው። እኛ ጉዳቱንም ሰዓቱንም አልቆጠርንም ነበር። ዜሮ ለማይታወቅ ቁጥር ሲካፈል የሚሰጠው መልስ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ገምጋሚዎቹ ከእኛ በተሻለ ያውቁ ነበር።

ዝቅተኛ ቁጥር በራሱ የደኅንነት ማስረጃ እንዳልሆነ ደግሞ ዓለም በከባድ ዋጋ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2005 በአሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ በወቅቱ የቢፒ በነበረው የነዳጅ ማጣሪያ በደረሰው ፍንዳታ 15 ሰዎች ሞተዋል፤ 180 ያህል ቆስለዋል። የሞቱት በሙሉ የተቋራጮች ሠራተኞች ነበሩ። በቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በጄምስ ቤከር የተመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሪፖርት፣ ኩባንያው የግለሰብ ጉዳት ምጣኔን የማጣሪያው ሥርዓት ደኅንነት መለኪያ አድርጎ መመካቱ እንዳሳሳተው አመልክቷል። የነዳጅ ማጣሪያና የባሕር ዛፍ መወጣጫ አይነጻጸሩ ይሆናል፤ በሚያምር ቁጥር የመዘናጋት ጠባይ ግን አንድ ነው።

የእኛ ማገገም የጀመረው ከፋይናንስ ክፍል ነው። የአደጋ መዝገብ ባይኖረንም የፔቲ ካሽ ደረሰኞች ነበሩን። የሂሳብ ሠራተኛዋ የሁለት ዓመት ጥራዝ አውጥታ «ለማሳከሚያ»፣ «ለክሊኒክ»፣ «ለትራንስፖርት፣ ሠራተኛ ስለታመመ» የሚሉትን ለየች። እነዚያን ከሰዓት ተቆጣጣሪው ደብተር ጋር ስናስተያይ፣ ከደረሰኙ ማግስት ጀምሮ ስማቸው የጠፋ ሠራተኞች ተገኙ። ፎርማኖቹን ስንጠይቅ መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ኋላ ግን ደረሰኝ እንኳ ያልተቆረጠላቸውን ሳይቀር ነገሩን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ደግሞ መድኃኒቱን ከኪስ እየከፈልን በሽታውን ስንደብቅ ኖረናል። ከሁለት ሳምንት በኋላ በእጃችን የገባው ዝርዝር የሚያሳፍር ነበር። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አሳየን፦ ከከፍታ ከወደቁት አብዛኞቹ የወደቁት በግንባታው ሂደት ሳይሆን መወጣጫው ሲተከልና ሲፈርስ ነበር። ያንን ሥራ የሚሠሩት ደግሞ በዕለቱ ከበር ላይ የተቀጠሩ፣ ቀበቶ ያልተሰጣቸው ሰዎች ነበሩ። ተከልሶ የተጠረዘው መመሪያ ስለዚህ አንድም መስመር አልነበረውም። መወጣጫ የሚተክል ቋሚ ቡድን ተመደበ፤ በየጠዋቱ ማሰሪያውን አይቶ የሚፈርም ሰው ተሰየመ። ከዚህ በኋላ የተጻፈው አዲሱ መመሪያ ዘጠኝ ገጽ ብቻ ሆነ።

ሥራ አስኪያጁ ዝርዝሩን ለማመልከቻ እንድንጠቀምበት ሲጠየቁ የሰጡት መልስ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። «ሌላው ዜሮ ጽፎ ያልፋል፤ እኛ እውነቱን ጽፈን እንወድቃለን» አሉ። ልክ ናቸው። የአደጋ ብዛት እየተቀነሰ ነጥብ የሚሰጥበት ምዘና ዝምታን ይሸልማል፤ ሐቀኛውንም ከዋሾው በታች ያስቀምጣል። እንግዲህ ገምጋሚዎችን በሚመለከት የምለው ይህ ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የሥራ ሰዓት ያስመዘገበ የግንባታ ድርጅት አንድም ጉዳት፣ ለጥቂት የታለፈ አንድም አደጋ አላየሁም ካለ፣ ጥያቄ እንጂ ነጥብ ሊሰጠው አይገባም። በቁጥሩ ፈንታ ተቋራጩ የመረመራቸውን ሁለት ወይም ሦስት አደጋዎች ሙሉ ማኅደር መጠየቅ ይቻላል፤ ምክንያቱ ምን ነበር፣ ምን ተለወጠ፣ ለተጎጂው ምን ተከፈለ የሚለው በሐሰት ለመጻፍ ከዜሮ እጅግ ይከብዳል። ተቋራጩ በሚሠራበት ሌላ ሳይት ድንገት ሄዶ አንድ የቀን ሠራተኛ ማነጋገርም ከጥራዝ መመሪያ ንባብ ይልቅ ያስተምራል። ለወደቀው ተቋራጭም ከአራት መስመር ያለፈ ማብራሪያ ይገባዋል። እኛ በጽሑፍ ጠይቀን ያገኘነው የግማሽ ሰዓት ውይይት ከሦስት ወር የወረቀት ሥራ በላይ ጠቅሞናል።

ሁለተኛውን ማመልከቻ ለሌላ አሠሪ ያስገባነው ከነዝርዝሩ ነው። ገምጋሚዎቹ ስለ መወጣጫው ጠየቁን፤ የዕለቱን የፊርማ መዝገብ አሳየን፤ ቅድመ ብቃቱን አለፍን። ጨረታውን በዋጋ ተሸነፍን፤ ሥራ አስኪያጁም ይህንን እስከ ዛሬ ያነሱብኛል።

ለፌራዮው ካሳ እንዲከፈል ተወስኗል። ትቶልን የሄደው ስልክ ቁጥር ግን አይሠራም፤ የአገሩ ልጆችም በየሳይቱ ተበትነዋል። ስሙ በአዲሱ መዝገብ የመጀመሪያ መስመር ላይ ሰፍሯል፤ ካሳ የተከፈለበት ቀን የሚለው ዓምድ እስካሁን ባዶ ነው።