አውራ ዶሮው ፋሲካን የግድ መጠበቅ አለበት?

እማዬ ከጫጩት ያሳደገቻቸው ሁለት አውራ ዶሮዎች ግቢያችንን የጦር ሜዳ አድርገውታል። 5 ወር አልፏቸዋል። ባለፈው ሳምንት የትንሹ አንድ ዓይን ጠፋ።

እኔ «ለቅበላ ይታረዱ» አልኩ። እማዬ «ለፋሲካ!» አለች። የበዓል ገበያ ምን እንደሚመስል ስለምታውቅ አልፈርድባትም። ግን ሁዳዴ እኮ 55 ቀን ነው! እንቁላል አይጥልልን ነገር፣ ጥሬያችንን እየበላ፣ እየተደማማ፣ ሥጋው እየጠነከረ ለምን ይከርማል? ደረቱን ዳስሱት፤ አጥንቱ ሥጋ ከለበሰ ደርሷል። (ቢላዋ የሚይዝ ወንድ ከጎረቤት መለመናችን ደግሞ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

ትናንት ማታ አንዱ ለቅበላ እንዲታረድ ተስማማን። እሷ ዓይኑ የጠፋው ይሁን ትላለች፤ እኔ ያጠፋው።